የጠመንጃ ርግጫና የተኳሽ ትከሻ

ጠመንጃ ሲተኮስ ወደ ኋላ ይራገጣል። ባሩዱ ነድዶ አረሩን ወደ ፊት ሲገፋ፣ ጠመንጃውንም በዚያው ልክ ወደ ኋላ ስለሚገፋው ነው። የርግጫው ብርታት የሚወሰነው በአረሩ ክብደትና ፍጥነት፣ በባሩዱ መጠንና በጠመንጃው ክብደት ነው። የክላሽ አረር 8 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በሰከንድም 715 ሜትር ያህል ይበራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን እግረኛ የታጠቀው ማውዘር ግን 12.8 ግራም የሚመዝን አረር በሰከንድ 760 ሜትር ገደማ ይተፋል። በክብደት ጠመንጃዎቹ ብዙም ስለማይራራቁ ማውዘሩ ትከሻን አብዝቶ ይመታል።

አፈሙዝ ወደ ላይ የሚዘለው ደግሞ ሰደፉ ትከሻ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ከአፈሙዙ መስመር ዝቅ ሲል ነው። የአሜሪካው ኤም 16 ሰደፍ ቀጥ ተደርጎ የተሠራው ይህን ለመቀነስ ነው። ኤኬኤም በተባለው የተሻሻለው ክላሽ አፈሙዝ ጫፍ ላይ የሚታየው በሰያፍ የተቆረጠ ቀለበትም የሚወጣውን ጋዝ ተጠቅሞ አፈሙዙን ወደ ታችና ወደ ግራ ይጫነዋል።

የቀረው የተኳሹ ሥራ ነው። ሰደፉ አጥንት ላይ ሳይሆን በአንገት አጥንትና በትከሻ መገጣጠሚያ መካከል ባለው ሥጋማ ቦታ ላይ ተጠግቶ መቀመጥ አለበት። በመሀል ክፍተት ከቀረ ጠመንጃው ተንደርድሮ ይመታል። አጥብቆ መጨበጥም አይጠቅም፤ እጅን ያንቀጠቅጣል። ቆሞ የሚተኩስ ሰው ግራ እግሩን አስቀድሞ ደረቱን ትንሽ ወደ ፊት ያዘነብላል (ግራኝ ከሆነ በተቃራኒው)። ተኝቶ የሚተኩስ ሰውነቱን ከጠመንጃው ጀርባ ቀጥ ያደርጋል፤ ተንጋድዶ ከተኛ ጠመንጃው ወደ ጎን ይፈናጠራል። መነጽር ያለው ጠመንጃ ላይ ዓይንን አስጠግቶ መተኮስ ቅንድብ ያስፈነክታል።

ብዙውን ጊዜ ዒላማ የሚያስተው ግን ርግጫው ራሱ አይደለም፤ ፍርሃቱ ነው። አረሩ በአፈሙዙ ውስጥ የሚቆየው ከአንድ እስከ ሁለት ሺኛ ሰከንድ ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ ትከሻ ምቱ ሲሰማው አረሩ ሄዷል። የፈራ ተኳሽ ግን ምቱ ሳይመጣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውን ወደ ፊት ይገፋል፣ ምላጩን ይመነጭቃል፤ አረሩም ዝቅ ብሎ ያርፋል። ይህን ለማጋለጥ አሠልጣኞች ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት ከእውነተኛው ጋር ደባልቀው ያጎርሳሉ። የትኛው ቀድሞ እንደሚመጣ ተኳሹ አያውቅም። ምላጩ ተስቦ ካልጮኸና አፈሙዙ ከሰገደ ችግሩ ታወቀ ማለት ነው። የጆሮ መከላከያም ችላ ሊባል አይገባም፤ ጀማሪን ከርግጫው ያላነሰ የሚያስደነግጠው ድምፁ ነው። በአነስተኛ ጥይት መጀመር፣ ትከሻ ሳይዝል ማቆምም ይረዳል።

ከተኩሱ በኋላ ምላጩ ወዲያው አይለቀቅም። አቋቋሙ ትክክል ከሆነ ማነጣጠሪያው ከዘለለበት ራሱ ወደ ዒላማው ይመለሳል። ወደ ጎን ካረፈ የሚስተካከለው ክንድ ሳይሆን የእግርና የወገብ አቀማመጥ ነው።