የሞተር ቅየራ በክላሲክ መኪና

የሞተር ቅየራ ማለት የአንድን መኪና የፋብሪካ ሞተር አውጥቶ ከሌላ ሞዴል ወይም ከሌላ ዘመን የመጣ ሞተር በቦታው መግጠም ነው። በአሜሪካ በጣም ከተለመዱት ቅየራዎች አንዱ ከ1967 እስከ 1969 እ.ኤ.አ. ሞዴል በሆነው ሼቭሮሌት ካማሮ ላይ የጄኔራል ሞተርስን «ኤል ኤስ» ሞተር መግጠም ነው። በዚህ ሥራ ሞተሩን ማግኘት ቀላሉ ክፍል ሲሆን፣ ገንዘብና ጊዜ የሚበላው በዙሪያው የሚገባው ዕቃ ነው። የአንዱ ዕቃ ምርጫ የሌላውን ስለሚወስን፣ ሳያስቡ የተገዛ ዕቃ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ግዢ ያስከትላል።

ሞተሩ

የዚህ ቤተሰብ የመጀመሪያው ሞተር፣ ኤል ኤስ 1፣ በ1997 እ.ኤ.አ. በኮርቬት ላይ ወጣ። ስምንት ሲሊንደርና የአሉሚኒየም ብሎክ ያለው ባለ 5.7 ሊትር ሞተር ሲሆን 345 የፈረስ ጉልበት ያወጣ ነበር። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፒክአፕ መኪኖች ላይ ባለ 4.8፣ 5.3 እና 6.0 ሊትር ወንድሞቹ ተገጠሙ። አብዛኞቹ የብረት ብሎክ ስላላቸው ከአሉሚኒየሙ 40 ኪሎ ግራም ያህል ይከብዳሉ፤ ነገር ግን ከተጋጩ መኪኖች ላይ በብዛት ስለሚፈቱ ዋጋቸው ዝቅተኛ ነው። ለመንገድ መኪና 5.3 ሊትሩ ከበቂ በላይ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ሞተሩን ከነኮምፒውተሩ፣ ከነሽቦው፣ ቢቻል ከነካምቢዮው ከአንድ መኪና ላይ መግዛት ነው።

የመኪናው የመጀመሪያ ሞተር ቁጥር ከሻንሲው ቁጥር ጋር የሚገጥም ከሆነ ሞተሩን ዘይት ቀብቶ ማስቀመጥ ይገባል። ሰብሳቢዎች ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና ከፍ ያለ ዋጋ ይሰጣሉና።

የዘይት ገንዳና አቀማመጥ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የፒክአፕ ሞተር የዘይት ገንዳ ጥልቅ ስለሆነ፣ ዝቅ ባለችው ካማሮ ላይ ከፊት ተሸካሚ ብረቱ በታች ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ አንድ ድንጋይ ቢመታው ዘይቱ ፈስሶ ሞተሩ ሊነክስ ይችላል። የኮርቬቱ ገንዳ ደግሞ ወደ ጎን የሰፋ በመሆኑ ከተሸካሚው ብረት ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ለቅየራ ተብሎ የተሠራ ገንዳ ይገዛል። የሞተር ማሰሪያዎቹም ከአሮጌው ስለሚለዩ ማገናኛ ሳህን ያስፈልጋቸዋል። ሳህኑ ሞተሩን ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ወደፊት ወይም ወደኋላ ሊወስደው ስለሚችል ገንዳው፣ ማሰሪያውና የጭስ ማውጫው አብረው እንዲሄዱ ሆነው መመረጥ አለባቸው። ባለ ስድስት ማርሽ የእጅ ካምቢዮ የመረጠ ሰው የመኪናውን ወለል መቁረጥ ሊኖርበት ይችላል።

ነዳጅ

አሮጌው ካርቡሬተር የሚፈልገው የነዳጅ ግፊት ግማሽ ባር እንኳ አይሞላም፤ የኤል ኤስ ሞተር ግን 4 ባር ገደማ ይፈልጋል። ለካርቡሬተር የተሠራ የጎማ ቱቦ ይህን ግፊት ስለማይችል ሲፈነዳ ነዳጁን በጋለ ሞተር ላይ ይረጨዋል። ፖምፓው፣ ቱቦውና ማያያዣው ሁሉ ለኢንጀክሽን የተሠሩ መሆን አለባቸው። ፖምፓው በጋኑ ውስጥ ቢቀመጥ ይመረጣል፤ ጋኑም ነዳጁ በመታጠፊያ ላይ ወደ አንድ ጎን እንዳይሸሽ መከለያ ሊኖረው ይገባል።

ኮምፒውተር

ቀደም ያሉት ሞተሮች በክራንኩ ላይ ባለ 24 ምልክት ቀለበት፣ ኋላ የመጡት ደግሞ ባለ 58 ምልክት አላቸው፤ ኮምፒውተሩ ከቀለበቱ ጋር ካልተስማማ ሞተሩ አይነሳም። የ1998–2002 እ.ኤ.አ. ካማሮ ኤል ኤስ 1 ነዳጅ መስጫው በካቦ የሚሳብ ስለሆነ ለአሮጌ መኪና ይቀላል፤ የኮርቬቱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ በመሆኑ ፔዳሉም አብሮ ይገዛል። ኮምፒውተሩ የሌባ መከላከያውን እንዲረሳ ተደርጎ እንደገና መሞላት አለበት፤ አለዚያ ነዳጅ ይከለክላል።

ሌሎች ዕቃዎች

የሲሊንደር ራሶቹን እንፋሎት የምታወጣው ትንሽ ቱቦ ከራዲያተሩ ጋር ትገናኛለች እንጂ አትደፈንም። ፍሬንም አይረሳ፤ በ1967ቱ ካማሮ ላይ የፊት ዲስክ ፍሬን ለብቻው የሚታዘዝ ነበር፤ ብዙዎቹ በአራቱም ጎማ የከበሮ ፍሬን ይዘው ወጥተዋል። በካሊፎርኒያ የ1975 እ.ኤ.አ.ና ከዚያ በፊት ሞዴል የሆኑ የቤንዚን መኪኖች ከየጊዜው የጭስ ምርመራ ነፃ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ባሉት ላይ የሚገባው ሞተር ግን የመኪናው ዓመት ወይም ከዚያ የቀረበ፣ የጭስ መቆጣጠሪያውም ያልተነካ መሆን አለበት።