የማይክሮሜትር ንባብ መቼ ልክ ይሆናል?

በቁሳቁስ ጥናት ቤተ ሙከራ የአንድ ቀጭን የብረት ሽቦ የመሳብ ጥንካሬ ሲፈተን ጭነቱ በማሽን፣ የሽቦው መርዘም ደግሞ በኤሌክትሮኒክ ዳሳሽ ይመዘገባል። የሽቦው ዲያሜትር ግን ብዙውን ጊዜ የሚለካው በእጅ፣ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ፣ ከመሳቢያ በወጣ ማይክሮሜትር ነው። ጭነትን ወደ ውጥረት ለመለወጥ የሚያስፈልገው የሽቦው የአቋራጭ ገጽ ስፋት ነው፤ ስፋቱም የሚገኘው ከዲያሜትሩ ካሬ ነው። በመሆኑም በዚህች አጭር ሥራ ላይ የሚፈጠር ስሕተት በመጨረሻው ውጤት ላይ እጥፍ ያህል ሆኖ ይታያል።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። ትክክለኛ ዲያሜትሩ 0.50 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ሽቦ፣ ባዶውን ሲዘጋ ከዜሮ ይልቅ 0.02 በሚያሳይ ማይክሮሜትር ቢለካ ንባቡ 0.52 ይሆናል። የዲያሜትሩ ስሕተት 4 በመቶ፣ የስፋቱ ስሕተት ግን ከ8 በመቶ በላይ ነው። ስለዚህ 200 ጊጋ ፓስካል መሆን የነበረበት የሽቦው የያንግ ሞዱለስ 185 ሆኖ ይሰላል። በጥናቱ የውይይት ክፍልም የዚህን ልዩነት ምክንያት በሽቦው ኬሚካዊ ይዘት ወይም በአመራረቱ ሂደት ውስጥ መፈለግ ይጀመራል፤ ምክንያቱ ግን በመሣሪያው ላይ ያሉ ሁለት ጥቃቅን መስመሮች ናቸው።

ደጋግሞ መለካት ከዚህ አያድንም። አሥር ንባቦች ቢወሰዱ ሁሉም በ0.02 ከፍ ብለው ይገኛሉ። እርስ በርሳቸው ስለሚቀራረቡም መደበኛ ልይይታቸው ያንሳል፤ አጥኚውም በውጤቱ ላይ ያለው እምነት ይጨምራል። የንባቦች መቀራረብና የንባቦች ትክክል መሆን የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ በየስታቲስቲክስ መማሪያው ተጽፎ ቢገኝም፣ መሣሪያው በእጅ ሲያዝ በቀላሉ ይዘነጋል።

ከብሎን ወደ ቁጥር

የማይክሮሜትር አሠራር በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፦ በጥንቃቄ የተሠራ ብሎን አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ወደፊት የሚጓዘው ርቀት ሁልጊዜ እኩል ነው። በተለመደው ከ0 እስከ 25 ሚሊ ሜትር በሚለካው መሣሪያ ይህ ርቀት 0.5 ሚሊ ሜትር ነው። የሚለካው ነገር የሚገባው በቋሚው መንጋጋና በብሎኑ ጫፍ ባለው ተንቀሳቃሽ ዘንግ መካከል ነው። ዘንጉን የሚያዞረው ከበሮ ዙሪያውን በ50 እኩል ክፍሎች ስለተከፈለ እያንዳንዱ ክፍል 0.01 ሚሊ ሜትርን፣ ማለትም 10 ማይክሮንን ይወክላል። የከበሮው ዲያሜትር 18 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ዙሪያው ወደ 57 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነው ጉዞ በ57 ሚሊ ሜትር ላይ ተዘርግቶ ይታያል ማለት ነው፤ ያለ አጉሊ መነጽር የማይለይ ልዩነት ከመቶ እጥፍ በላይ ጎልቶ ለዓይን የሚቀርበው በዚህ መንገድ ነው።

ብሎንን ለልኬት የማዋል ሐሳብ ከፋብሪካ በፊት በሥነ ፈለክ ታይቷል። እንግሊዛዊው ዊልያም ጋስኮይን በ17ኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ በቴሌስኮፕ ውስጥ የሰማይ አካላትን ስፋት ለመለካት ብሎን ተጠቅሟል። በእጅ የሚያዘውን ዓይነት ፈረንሳዊው ዣን ሎራን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1848 በፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ ፈረንሳዮች መሣሪያውን እስከ ዛሬ ‹ፓልመር› እያሉ ይጠሩታል። አሜሪካውያኑ ብራውንና ሻርፕ እ.ኤ.አ. በ1867 በፓሪስ ዓውደ ርእይ ላይ ካዩት በኋላ አሻሽለው ለገበያ አቀረቡት፤ ከዚያም በየብረታ ብረት ሥራ ቤቱ ተለመደ።

አነባበቡ ሁለት እርምጃ አለው። በቋሚው እጅጌ ላይ ከከበሮው ጠርዝ ወጥተው የሚታዩት የሙሉና የግማሽ ሚሊ ሜትር መስመሮች በቅድሚያ ይቆጠራሉ፤ ቀጥሎ ከእጅጌው አግድም መስመር ጋር የገጠመው የከበሮ መስመር ይደመራል። በእጅጌው ላይ የ5 መስመርና ከእርሱ ቀጥሎ ያለው የግማሽ መስመር ቢታዩ፣ ከበሮውም 28 ላይ ቢሆን፣ ንባቡ 5 ሲደመር 0.5 ሲደመር 0.28፣ ማለትም 5.78 ሚሊ ሜትር ነው። አደገኛው ቦታ የግማሽ መስመሩ በከፊል ብቅ ሲል ነው። ከበሮው 48 ላይ ሆኖ ሳለ የግማሽ መስመሩ ጠርዝ ቢታይ ዙሩ ገና አልተጠናቀቀም፤ ትክክለኛው ንባብ 5.48 እንጂ 5.98 አይደለም። ይህ ስሕተት ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ትልቅ ስለሆነ በብዙ ንባቦች መካከል ብቻውን ሲገኝ ራሱን ያጋልጣል፤ ሁሉም ንባቦች በዚያው ስፍራ ላይ የወደቁ እንደሆነ ግን አይታወቅም። ተጠራጣሪ አጥኚ በተራ ካሊፐር አንድ ጊዜ ለክቶ ማመሳከሩ በቂ ነው።

ዜሮው የት ነው?

ከላይ በምሳሌነት የቀረበው የ0.02 ስሕተት የሚመጣው ከዚህ ነው። በመለኪያ ገጾቹ መካከል የሚቀር ዘይት፣ የብረት ብናኝ ወይም የወረቀት ጭረት የዜሮውን ቦታ ያዛባል። የሰው ጠጉር እንኳ ውፍረቱ በአሥር ማይክሮኖች የሚቆጠር መሆኑ ሲታሰብ አንዲት ብናኝ ምን ልታደርግ እንደምትችል ግልጽ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ የልኬት ክፍለ ጊዜ በፊት ንጹሕ ወረቀት በገጾቹ መካከል ላላ ተደርጎ ተይዞ ይሳባል፤ ከዚያ መሣሪያው በባዶው ተዘግቶ ይነበባል። የተገኘው ቁጥር በመዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ከእያንዳንዱ ንባብም ይቀነሳል። ሲዘጋ 0.03 የሚያሳይ መሣሪያ ከሆነ 0.03 ይቀነሳል። ከበሮው ዜሮን አልፎ 47 ላይ ከቆመ የዜሮ ስሕተቱ ከዜሮ በታች 0.03 ነውና ይደመራል። የምልክቱ መገለባበጥ ስሕተቱን ከማረም ይልቅ እጥፍ የሚያደርግ በመሆኑ፣ የታረመውን ብቻ ሳይሆን ጥሬውን ንባብም መዝግቦ ማቆየት ይመረጣል።

የዜሮ እርማት ግን የብሎኑን ጤንነት አያረጋግጥም። በአንድ ስፍራ ብዙ ያገለገለ ብሎን በዚያው ክፍሉ ይበላል፤ በዜሮ ትክክል ሆኖ በ10 ሚሊ ሜትር ላይ ሊሳሳት ይችላል። ይህን ለመመርመር የሚያገለግሉት ስዊድናዊው ካርል ኤድቫርድ ዮሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1896 የፈለሰፋቸው ጌጅ ብሎኮች ናቸው። ለማይክሮሜትር ምርመራ የሚመረጡት ብሎኮች ርዝመት እንግዳ ይመስላል፦ 2.5፣ 5.1፣ 7.7፣ 10.3፣ 12.9 እያለ ይቀጥላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። በ5፣ በ10 እና በ15 ብቻ ቢመረመር ከበሮው ሁልጊዜ በዜሮ መስመሩ ላይ ይቆማል፤ በአንድ ዙር ውስጥ ያለው ስሕተትም ሳይታይ ያልፋል። የተጠቀሱት ርዝመቶች ግን ከበሮውን በ0፣ በ10፣ በ20፣ በ30 እና በ40 ላይ ያቆሙታል። የራሱ ብሎኮች የሌሉት ቤተ ሙከራ መሣሪያውን ወደ አገሪቱ የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ልኮ ማስመርመር ይችላል።

የእጅ ግፊት

ብሎን ኃይልን ያበዛል። ከበሮውን በጣት አጥብቆ የሚያዞር ሰው የመሣሪያውን ፍሬም ራሱን ሊለጥጥ፣ ለስላሳ የመዳብ ሽቦንም ሊደፈጥጥ ይችላል። በከበሮው ጫፍ ያለው ራቼት የተሠራው ይህን ለመገደብ ነው፤ ግፊቱ ከ5 እስከ 10 ኒውተን ሲደርስ እየተንቋቋ ይሾልካል። ዜሮው በራቼት ተነብቦ ሽቦው በከበሮው ከተለካ ግን የዜሮ እርማቱ ትርጉም ያጣል። ሁለቱም በአንድ ዓይነት አያያዝ፣ በተመሳሳይ የራቼት ድምፅ ብዛት መከናወን ይኖርባቸዋል።

ለብረት የሚበቃው ይህ ገደብ ለለስላሳ ነገር አይበቃም። የዘንጉ ጫፍ ዲያሜትር 6.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ከ5 እስከ 10 ኒውተን የሆነው ኃይል ከ150 እስከ 300 ኪሎ ፓስካል ግፊት ይፈጥራል። ለቆዳ ውፍረት ልኬት የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ ግን የሚፈቅደው ግፊት 49 ኪሎ ፓስካል ያህል ብቻ ነው፤ ይህም 10 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ባለው ክብ እግር ላይ 393 ግራም በማሳረፍ ይገኛል። ያንኑ ቆዳ በማይክሮሜትር የለካ ሰው ከደረጃው ከሦስት እስከ ስድስት እጥፍ ጨፍልቆ ለክቷል ማለት ነው። የሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር አይቻልም። ለቆዳ የተባለው ለጨርቅ፣ ለዕፅዋት ቅጠልና ለስስ ፕላስቲክም ይሠራል፤ ለእነዚህ ነገሮች ‹ውፍረት› የሚለው ቃል የተለካበት ግፊት ካልተጠቀሰ ሙሉ ትርጉም የለውም።

ሙቀትና የካሊፐር ጉዳይ

የርዝመት ልኬት ማጣቀሻ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴልሲየስ እንዲሆን የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ስፍራ ክፍሉ 30 ዲግሪ ቢደርስ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ቁራጭ ከብረት ከተሠራው መሣሪያ 3 ማይክሮን ያህል በልጦ ይለጠጣል። የብረት ቁራጭ ከሆነ ሁለቱም አብረው ስለሚለጠጡ ልዩነቱ ይጠፋል። ለ0.50 ሚሊ ሜትር ሽቦ ደግሞ ሙቀት ከነጭራሹ አያሳስብም። መሣሪያውን በመዳፍ ይዞ መቆየት ግን ፍሬሙን ያሞቃል፤ በብዙ ማይክሮሜትሮች ፍሬም ላይ ሙቀት የማያስተላልፍ ሽፋን የሚለጠፈውም ለዚህ ነው።

በዲጂታል ካሊፐር መስታወት ላይ 0.01 ስለሚታይ ብዙዎች መሣሪያውን ከማይክሮሜትር እኩል ያዩታል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። ጀርመናዊው ኤርንስት አቤ እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳመለከተው መለኪያው መስመርና የሚለካው ርዝመት በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ መዋል አለባቸው። በማይክሮሜትር ብሎኑና የሚለካው ነገር በአንድ መስመር ላይ ናቸው። በካሊፐር ግን ሚዛኑ በግንዱ ላይ፣ የሚለካው ነገር ደግሞ በመንጋጋዎቹ መካከል ነው። ተንቀሳቃሹ መንጋጋ ከሚሊ ራዲያን አንድ ብቻ ቢያዘነብል፣ ነገሩም ከሚዛኑ 30 ሚሊ ሜትር ርቆ ቢያዝ፣ 0.03 ሚሊ ሜትር ስሕተት ይፈጠራል። ያው ዝንባሌ በማይክሮሜትር 25 ሚሊ ሜትር ርዝመት ላይ ከማይክሮን መቶኛ እምብዛም የማይበልጥ ስሕተት ነው የሚያስከትለው። በካሊፐር የሚለካ ሰው ነገሩን ከመንጋጋዎቹ ጫፍ ይልቅ ወደ ግንዱ አስጠግቶ መያዙ የሚመከርበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ስንት አኃዝ ይጻፍ?

ወደ ሽቦው እንመለስ ቢባል፣ ዜሮው ታርሞ፣ ሽቦው ፍጹም ክብ ላይሆን ስለሚችል በተለያዩ ቦታዎችና በሁለት ቀጤ አቅጣጫዎች ተለክቶ የሚቀረው አጠራጣሪነት ምን ያህል ነው? የከበሮው ክፍል 10 ማይክሮን በመሆኑ ከአነባበብ የሚመጣው መደበኛ አጠራጣሪነት 10 ለ12 ስኩዌር ሩት ሲካፈል፣ ማለትም 2.9 ማይክሮን ነው። ለመሣሪያው የተፈቀደው የስሕተት ወሰን 4 ማይክሮን ቢሆን ለ3 ስኩዌር ሩት ተካፍሎ 2.3 ይሆናል። ከንባቦቹ መለያየት የተገኘው 1.5 ነው እንበል። የሦስቱ ካሬዎች ተደምረው ስኩዌር ሩታቸው ሲወሰድ 4 ማይክሮን ይገኛል፤ 95 በመቶ ገደማ ለሆነ የመተማመኛ ደረጃ በሁለት ሲባዛ 8 ማይክሮን ነው። ይህ ከ0.50 ሚሊ ሜትር አንጻር 1.6 በመቶ፣ በስፋቱ ላይ 3.2 በመቶ ነው። ሞዱለሱ ከዲያሜትሩ ብቻ የሚወርሰው አጠራጣሪነት ወደ 6 ጊጋ ፓስካል ይደርሳል ማለት ነው። በሰንጠረዥ ውስጥ 201.37 ተብሎ የተጻፈ ውጤት ከነጥቡ ወዲህ ያሉት ሁለት አኃዞች ምንም አይናገሩም፤ ከነጥቡ በፊት ያለችው 1 እንኳ አጠራጣሪ ናት።

ይህን ወሰን ለማጥበብ የተሻለ ማይክሮሜትር መግዛት ግድ አይደለም። አንድ ሜትር የሚሆን ሽቦ በጥንቃቄ ተለክቶ ይቆረጥና ይመዘናል። 0.50 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው የብረት ሽቦ አንድ ሜትሩ 1.54 ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ እስከ 0.001 ግራም በሚለይ ሚዛን የክብደቱ አጠራጣሪነት ከአንድ በመቶ እጅግ ያንሳል። ክብደቱ ለርዝመቱና ለብረቱ እፍጋት ሲካፈል አማካይ ስፋቱ በቀጥታ ይገኛል፤ ዲያሜትርን ወደ ካሬ ማሳደግ አያስፈልግም። የእፍጋቱ ዋጋ እስከ አንድ በመቶ ድረስ የሚታወቅ ከሆነ ስፋቱም በዚያው ልክ ይታወቃል። መንገዱ የሽቦውን አማካይ እንጂ የቀጠነበትን ቦታ አያሳይም፤ ያን ቦታ ለማግኘት አሁንም የሚያስፈልገው ማይክሮሜትሩ ነው።