ስለ አሜሪካ የቀጥታ መንገድ እሽቅድምድም ፤ ድሉ ከአነሣሡ ነው

የአውቶሞቢል እሽቅድምድም በተባለ ጊዜ በሰው ዐሳብ የሚመጣው ጠመዝማዛ መንገድ፥ ዳገትና ቍልቍለት፥ ሰዓታትንም የሚፈጅ ድካም ነው። በአሜሪካ አገር ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ አንድ የእሽቅድምድም ዐይነት አለ። ይኸውም ኹለት መኪናዎች ጎን ለጎን ይቆሙና ምልክቱ ሲሰጥ ቀጥ ባለ ሜዳማ መንገድ ላይ ሩብ ማይል፥ ማለት 402 ሜትር፥ ሮጠው ይጨርሳሉ። ነገሩ ሁሉ ኀይለኛ ለሆነ የመንገድ መኪና ከ12 እስከ 15 ሴኮንድ ቢፈጅ ነው። ስሙንም «ድራግ ሬሲንግ» ይሉታል። ከሩቅ ለሚመለከተው ሰው ነዳጅ ማቃጠያ የልጆች ጨዋታ ይመስላል፤ ቀርቦ ለመረመረው ግን ገንዘብ ያለ ቦታው እንዴት እንደሚፈስ በግልጥ የሚታይበት ሥራ ስለ ሆነ፥ የበጀት ሹምም ሆነ ነጋዴ ቢያነበው ጊዜው የጠፋበት አይመስለኝም።

ከኹለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የካሊፎርኒያ ወጣቶች አሮጌ መኪና እየገዙ፥ ሞተሩንም እያሻሻሉ፥ በከተማ ጎዳናና በደረቁ የሐይቅ ሜዳዎች ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር። ጎዳናው ለሯጩም ለመንገደኛውም አደገኛ ነበረና፥ ዋሊ ፓርክስ የተባለው ሰው በ1951 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ነው) ብሔራዊውን የሆት ሮድ ማኅበር አቋቋመ። ማኅበሩም በ1953 በፖሞና ከተማ የመጀመሪያውን ይፋ ውድድር፥ በ1955 ደግሞ በካንሳስ ግዛት በግሬት ቤንድ የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ውድድር አደረገ። እንደ እኔ ግምት ክልከላ ብቻ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ወጣቱ በሌሊት መሽቀዳደሙን አይተውም ነበር።

በ1964 የጄኔራል ሞተርስ ክፍል የነበረው ፖንቲያክ በመካከለኛ መኪና ላይ የትልቅ መኪና ሞተር፥ 389 ኩቢክ ኢንች ማለት 6.4 ሊትር የሚሆነውን፥ አስገብቶ ጂ.ቲ.ኦ. ብሎ ሸጠው። ሌሎቹም ፋብሪካዎች ተከተሉት፤ በ1970 በወጣው ሸቭሮሌት ሸቬል ላይ የገባው ባለ 454 ኩቢክ ኢንች ሞተር 450 የፈረስ ጉልበት እንዳለው ፋብሪካው ያስታውቅ ነበር። አሜሪካኖች እነዚህን «መስል ካር» ይሏቸዋል፤ ባለ ጡንቻ መኪና እንደ ማለት ነው። የኢንሹራንስ ዋጋ መናር፥ የአየር ብክለት ሕግ፥ በ1973ም የደረሰው የነዳጅ ችግር ዘመናቸውን አሳጠረው። ዛሬ ከተረፉት ብዙዎቹ መጀመሪያ ከተሸጡበት እጅግ በበለጠ ዋጋ የሚገዙ የክብር ዕቃዎች ሆነዋል። ቢሆንም ከባለቤቶቻቸው አንዳንዶቹ አሁንም ወደ ሜዳው ያወጧቸዋል።

ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው። የእንግሊዝኛው ቋንቋ ለመኪናው አነሣሥ የሚጠቀምበት ቃል «ላውንች» የሚለው ሲሆን፥ ይኸው ቃል አዲስ መርከብ ከተሠራችበት ስፍራ ወደ ባሕር ስትለቀቅም ይነገራል። በባሕር ጠረፍ ለሚኖር አንባቢ ምሳሌው አይከብደውም፤ ከባድ ነገር ከቆመበት የሚላቀቅባት ቅጽበት አስጊ ናት። ባለ ጡንቻው መኪና ሞተሩ ከፊት ነው፤ ከክብደቱም ከእኩሌታው የሚበልጠው በፊት ጎማዎች ላይ ያርፋል፤ የሚገፉት ጎማዎች ግን የኋላዎቹ ናቸው። ስለዚህ ሾፌሩ ነዳጁን በአንድ ጊዜ ቢረግጥ የኋላ ጎማዎች በቦታቸው ይሽከረከራሉ፥ ጢስም ይነሣል። ጢሱ ተመልካቹን ደስ ያሰኘዋል፤ ለባለመኪናው ግን የጠፋ ጊዜ ነው። በሜዳው ላይ የመጀመሪያዎቹ 60 ጫማ፥ ማለት 18 ሜትር ያህል፥ ለብቻቸው በሰዓት ይለካሉ። በዚያች ርቀት ላይ የተቈጠበች አንዲት ዐሥረኛ ሴኮንድ በመጨረሻው መሥመር ላይ አንድ ተኩልና ከዚያም በላይ ሆና እንደምትገኝ ልምድ ያላቸው ሁሉ ያውቃሉ።

ነገር ግን መኪናው ራሱ ለባለቤቱ አንድ ርዳታ አለው። ወደ ፊት ሲስፈነጠር ከፊት ያለው ክብደት በከፊል ወደ ኋላ ይሸጋገራል። ለምሳሌ 1,600 ኪሎ የሚመዝን፥ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 2.92 ሜትር የሆነ፥ የክብደቱም ማእከል ከመሬት 55 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መኪና ብናስብ፥ ከመሬት ስበት በስድስት ዐሥረኛው ልክ ሲፈጥን 180 ኪሎ ያህል ወደ ኋላ ጎማዎች ያልፋል። ይህ ክብደት በቶሎ እንዲሸጋገር የፊተኛው አካል ሳይዘገይ መነሣት ይገባዋል። ስለዚህ ሲዘረጋ ልል፥ ሲታጠፍ ግን ጠጣር የሆነ አሞርቲዛቶር ከፊት ያስገባሉ፤ ባትሪውንም ከሞተሩ አጠገብ አንሥተው በኋላው የዕቃ ማስቀመጫ በቀኝ በኩል ያኖሩታል።

በቀኝ በኩል የሚሆንበት ምክንያት አለው። ከሞተሩ ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅም ዘንግ ሲዞር የኋላውን ድልድይ አብሮ ሊያጣምመው ስለሚታገል፥ የግራውን ጎማ ወደ መሬት ይጫናል፥ የቀኙን ግን ያቀልለዋል። ዲፈረንሲያሉ ተራ ከሆነ ያ የቀለለው የቀኝ ጎማ ብቻውን ሲሽከረከር ይታያል። ይህንንም ለመከላከል ኹለቱን ጎማዎች አብሮ የሚያስይዝ ዲፈረንሲያል ያስገባሉ፤ ሞላ ባላቸው የጄኔራል ሞተርስ መኪናዎች ደግሞ በቀኙ ሞላ ውስጥ በነፋስ የሚነፋ ከረጢት ይጨምሩበታል። መካኒኮቻችን ከጣልያንኛ ወስደው ባሌስትራ በሚሉት ብረት ላይ የቆመ መኪና ሌላ ሕመም አለው፤ ብረቱ ከጉልበቱ ብዛት የተነሣ እንደ እባብ ይጠማዘዝና ተመልሶ ሲዘረጋ ጎማው መሬቱን እየለቀቀ ይዘላል። ክራይስለር ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለዚሁ ሲል ግራና ቀኙ የተለያየ፥ የፊተኛው ክፍሉም አጭርና ጠጣር የሆነ ባሌስትራ ይሸጥ ነበር። ከባሌስትራው ሥር በብሎን የሚታሰር ዘንግም አለ፤ ባለቤቱ በወደደ ጊዜ ፈትቶ መኪናውን እንደ ፋብሪካው ሥራ ሊመልሰው ይችላል። አካሉን በመጋዝ የቈረጠ ሰው ግን ያን የመሰለ ዕቃ ዋጋውን በገዛ እጁ ቀነሰ፤ እኔ በበኩሌ መጋዙን አልደግፍም።

ከሁሉ አስቀድሞ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ጎማ ነው፤ ብዙው ሰው ግን ካርቡራቶርና ሞተር ይገዛና ጎማውን ለነገ ያቈየዋል። ያን ጊዜ የጨመረው ጉልበት ጢሱን ብቻ ያበዛለታል። ለዚህ ውድድር የሚሠራው ጎማ ላስቲኩ ልስልስ፥ ጎኑ የሚታጠፍ፥ ፊቱም ጥርስ የሌለው ነው፤ የሚሞላውም ነፋስ ከመንገድ ጎማ እኩሌታ ቢሆን ነው። ሾፌሩ ከመነሣቱ በፊት ውሃ በረጠበው ስፍራ የፊት ፍሬኑን ብቻ ይዞ የኋላ ጎማዎቹን ያሽከረክራል፤ ላስቲኩ ሲሞቅ መሬቱን እንደ ሙጫ ይይዛል።

ጎማው ሲይዝ ግን ጉልበቱ ሌላ መውጫ ይፈልጋል። ፍሪሲዮኑን በድንገት የለቀቀ ሰው የኋላ ዘንግ ወይም የካምቢዮ ጥርስ ሊሰብር ይችላል። በ1970 ዶን ጋርሊትስ የተባለው ስመ ጥር ሯጭ፥ ከፊቱ ሞተር ባለው የእሽቅድምድም መኪና ሊነሣ ሲል ካምቢዮው ፈንድቶ የቀኝ እግሩን መዳፍ በከፊል ቈርጦበታል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሞተሩን ከጀርባው ያደረገው። ረጅሙ ዘንግ ተሰብሮ ጫፉ መሬት ቢወጋ መኪናውን ሊገለብጠው ስለሚችል፥ ዘንጉን ከሥር የሚይዝ የብረት ቀለበት ማሰር የተለመደ ነው።

የቀረው የሾፌሩ ድርሻ ነው። ቀድሞ ባንዲራ የያዘ ሰው መካከል ቆሞ ያስነሣ ነበር፤ ከ1963 ወዲህ ግን «የገና ዛፍ» የተባለው የመብራት ዐምድ ተተካ። በተለመደው አሠራር ሦስት ቢጫ መብራቶች በግማሽ ግማሽ ሴኮንድ ልዩነት ይበራሉ፤ ከዚያ አረንጓዴው ይከተላል። አረንጓዴውን የጠበቀ ሰው ዘግይቷል፤ የሠለጠነው ሾፌር የሚንቀሳቀሰው በመጨረሻው ቢጫ ነው። የሩጫው ሰዓት መቈጠር የሚጀምረው መኪናው ከቦታው ሲነቃነቅ ስለ ሆነ፥ በሰዓት የፈጠነው መኪና በመነሣት ዘግይቶ ሊሸነፍ ይችላል። እንዲያውም በአንደኛው የውድድር ዐይነት እያንዳንዱ ሾፌር የሚጨርስበትን ሴኮንድ አስቀድሞ በመስታወቱ ላይ ይጽፋል፤ ቀርፋፋውም በልዩነቱ መጠን ቀድሞ ይለቀቃል። ከጻፈው ሰዓት በታች የገባ ይሸነፋል፤ ተወዳዳሪው የባሰ ጥፋት ካላጠፋ በቀር። ነጋዴ የጨረታ ዋጋውን አሽጎ እንደሚያስገባ ያለ ነገር ነው።

ሩጫው ሲያበቃ በመመለሻው መንገድ ዳር ካለች ትንሽ ቤት ለሾፌሩ አንዲት ቍራጭ ወረቀት ትሰጠዋለች። ጀማሪው ወዲያው ታችኛውን መሥመር፥ የመጨረሻውን ፍጥነት፥ ይፈልጋል። የቆየው ግን መነጽሩን አድርጎ ከላይ ያለውን የ60 ጫማውን ቍጥር ያነብና፥ የጎማውን ነፋስ በጥቂት ቀንሶ ወይም ጨምሮ፥ ሌላውን ሁሉ ሳይነካ ወደ ሰልፉ ይመለሳል።