21 ቀን ለሌባው፣ 22 ወር ለባለቤቱ

ላንሲንግ የሚቺጋን ግዛት ዋና ከተማ ናት። ለ2010 የግብር ዘመን በዚህች ከተማ የሚገኝ አንድ አድራሻ በ2,137 የታክስ ማሳወቂያ ፋይሎች ላይ ሰፍሮ ተገኘ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በአንድ ደጃፍ 2,137 ግብር ከፋይ! አይ አር ኤስ፣ ማለትም የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት፣ ለእነዚህ ፋይሎች 3.3 ሚሊዮን ዶላር ተመላሽ ከፍሏል። በቺካጎ አንድ አድራሻ 765 ፋይል ተገኘበት፣ በፍሎሪዳዋ ቤል ግሌድ ሌላው 741፣ በታምፓ ሌላው 518። ወደ አንድ የባንክ ሒሳብ ብቻ 590 ተመላሾች ገብተው ከ900,000 ዶላር በላይ ሆነዋል።

ይህን ሁሉ በ2012 ይፋ ያደረገው በአሜሪካ ግምጃ ቤት የታክስ አስተዳደሩን የሚመረምረው ዋና ኢንስፔክተር ነው። አይ አር ኤስ ሳይደርስባቸው ያለፉ፣ የማንነት ስርቆት ምልክት ያለባቸውን ፋይሎች ቢቆጥር 1.5 ሚሊዮን ሆኑ። በእነዚህ ፋይሎች የወጣው ገንዘብ በአንድ የግብር ዘመን ብቻ 5.2 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ይህ ለዓመቱ ቀናት ቢካፈል በየቀኑ ከ14 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ በየደቂቃው ወደ 10,000 ዶላር ይደርሳል፤ ሌሊቱም እሑዱም ተቆጥሮ። ወደ 105,000 የሚሆኑት ፋይሎች የቀረቡት በሞቱ ሰዎች ስም ነው፤ በእነሱም ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ወጥቷል። የሕፃናት ስም አለበት፣ የተማሪዎች አለበት፣ ገቢያቸው ከማነሱ የተነሣ ግብር የማሳወቅ ግዴታ የሌለባቸው የአረጋውያን ስምም አለበት።

ይህን ለማድረግ መሣሪያ መታጠቅም ግድግዳ መቦርቦርም አላስፈለገም። ሌባው የያዘው ስም፣ የትውልድ ቀንና ዘጠኝ አኃዞች ያሉት የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ነው። ያልነበረ ደመወዝና ያልተቆረጠ ግብር ጽፎ ፋይል ያደርግና ተመላሹን በራሱ ሒሳብ ይቀበላል። መንገዱን የከፈተለት የቀን መቁጠሪያው ነው። ያኔ ተመላሽ መከፈል የሚጀምረው በጃንዋሪ መጨረሻ አካባቢ ሲሆን አሠሪዎች የሠራተኛውን ትክክለኛ ደመወዝ የሚያሳየውን ደብሊው ቱ የተባለውን ቅጽ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለመንግሥት ለመላክ እስከ ማርች መጨረሻ ጊዜ ነበራቸው። ስለዚህ መንግሥት በቅድሚያ ይከፍል ነበር፣ የሚያጣራው ግን ከሁለት ወር በኋላ ነበር። የተቸኮለውም ያለ ምክንያት አልነበረም። አማካዩ ተመላሽ 3,000 ዶላር አካባቢ ነው፤ ለብዙ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች በዓመት ውስጥ በአንድ ጊዜ እጃቸው የሚገባ ትልቁ ገንዘብ እሱ ነው። ለእነሱ ተብሎ የተፈጠነው ክፍያ ለሌባውም ፈጠነ።

ግን ዘጠኝ አኃዝ ይህን ያህል ኃይል ከየት አገኘ? ቁጥሩ መሰጠት የጀመረው በ1936 ነው፤ ዓላማውም አንድ ብቻ ነበር፦ ሠራተኛው ያገኘውን ገቢ ለጡረታው መመዝገብ። ከ1946 እስከ 1972 በወጡት ካርዶች ላይ እንዲያውም «ለሶሻል ሴኩሪቲ አገልግሎት እንጂ ለመታወቂያነት አይደለም» የሚል ጽሑፍ ታትሞባቸው ነበር። ያ ጽሑፍ በካርዱ ላይ እያለ፣ በ1962 አይ አር ኤስ ያንኑ ቁጥር የግብር ከፋይ መለያ አደረገው። ባንኩም፣ ሆስፒታሉም፣ ዩኒቨርሲቲውም ተከተሉ።

ቁጥሩ ምስጢር ሆኖ መቆየት እንደማይችል ግን ገና ከጅምሩ ታይቷል። በ1938 በኒውዮርክ ግዛት ሎክፖርት የሚገኝ የኪስ ቦርሳ ፋብሪካ፣ ካርዱ በቦርሳው ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ ለማሳየት የናሙና ካርድ አሳተመ። በናሙናው ላይ የታተመው ግን በፋብሪካው የምትሠራ የአንዲት ጸሐፊ እውነተኛ ቁጥር ነበር። ካርዱ ከእውነተኛው በግማሽ ያነሰ፣ በቀይ የታተመና «ናሙና» የሚል ቃል በላዩ ያለበት ነው። ቦርሳው በዉልዎርዝ መደብሮች በመላ አገሪቱ ተሸጠ፤ ገዢዎችም ቁጥሩን የራሳቸው አድርገው ያዙት። በ1943 ብቻ 5,755 ሰዎች ይጠቀሙበት ነበር። በዓመታት ውስጥ ከ40,000 በላይ ሰዎች «ቁጥሬ ነው» ብለው አስመዝግበውታል፤ በ1977 እንኳ 12 ሰዎች አልተዉትም ነበር። እነዚህ ሰዎች በአብዛኛው ባለማወቅ ያደረጉት እንጂ ሌቦች አልነበሩም። አንድ ቁጥር በቅንነት ብቻ በ40,000 ሰው እጅ ከገባ፣ ሆን ብሎ ለሚሰርቅማ ምን ያህል ይቀለዋል?

ዛሬ ነገሩ ከዚያ በእጅጉ የባሰ ነው። ዘጠኝ አኃዝ አንድ ቢሊዮን ጥምረት ይሰጣል፤ የማይሰጡት ሲቀነሱ ግን 889 ሚሊዮን ገደማ ይቀራል። ከ1936 ጀምሮ የተሰጡት ቁጥሮች ከ450 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ስለዚህ ሊሰጡ ከሚችሉት ቁጥሮች ዓይኑን ጨፍኖ አንዱን የጻፈ ሰው፣ የአንድ በሕይወት ያለ ወይም የሞተ ሰው ቁጥር የመጻፍ ዕድሉ ከግማሽ በላይ ነው። ስሙንና የትውልድ ቀኑን ማግኘት ይቀረዋል፤ እሱንም ሌሎች ቀድመው ዘርፈውለታል። በ2017 ኢኩዊፋክስ ከተባለው የብድር መረጃ ድርጅት የ147 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ተሰረቀ፤ ይህ ከአሜሪካ ሕዝብ ከግማሽ ትንሽ የሚያንስ ነው። የአይ አር ኤስ የራሱ በርም ተከፍቷል። በ2015 ሰዎች የታክስ መዝገባቸውን በኢንተርኔት የሚያወጡበት አገልግሎት ተደፈረ። የተጎጂዎቹ ቁጥር በመጀመሪያ ወደ 100,000 ነው ተባለ፤ በኦገስት 334,000 ሆነ፤ በ2016 ፌብሩዋሪ 724,000 ደረሰ። ሌቦቹ ባለቤቱ ብቻ ያውቃቸዋል የተባሉትን የማረጋገጫ ጥያቄዎች ከሌላ ቦታ ባገኙት መረጃ በትክክል መልሰው ነው የገቡት።

ከዚህ በኋላ የመጣው ለውጥም የዚያኑ ያህል ያስደንቃል፤ በተስፋ በኩል። በ2015 አይ አር ኤስ፣ የግዛት ግብር መሥሪያ ቤቶችና የታክስ ሶፍትዌር ድርጅቶች ተቀናጅተው መሥራት ጀመሩ። ወደ አንድ የባንክ ሒሳብ በቀጥታ የሚገባው ተመላሽ ከሦስት እንዳይበልጥ ተደረገ። በዚያው ዓመት የወጣ ሕግ አሠሪዎች ደብሊው ቱን እስከ ጃንዋሪ 31 እንዲያስገቡ አዘዘ፤ ለዝቅተኛ ገቢና ለልጆች የሚሰጡ የተወሰኑ ድጎማዎች ያሉባቸው ተመላሾችም እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ እንዲቆዩ አደረገ። ማጣራቱ ከክፍያው እንዲቀድም የሁለቱ ቀናት ቦታ ተቀያየረ ማለት ነው። በ2015 የማንነት ስርቆት ደርሶብናል ብለው ለአይ አር ኤስ ያመለከቱት 677,000 ነበሩ፤ በ2018 199,000 ሆኑ። በሦስት ዓመት ከአሥሩ ሰባቱ ቀነሱ።

ነገር ግን የተሰረቀው ሰው አሁንም ብቻውን ነው። አይ አር ኤስ አብዛኛውን ተመላሽ ከ21 ቀን ባነሰ ጊዜ ይከፍላል፤ ሌባው ካልተደረሰበት የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። እውነተኛው ባለቤት ግን በ2024 በተቋሙ ውስጥ ለግብር ከፋዮች የሚሟገተው ጽሕፈት ቤት እንዳሳየው፣ ጉዳዩ እስኪፈታ 22 ወር ገደማ ይጠብቅ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ወረፋ ላይ የነበሩት ወደ 500,000 ይጠጉ ነበር። ይህ ሌባው ከሚጠብቀው ከሠላሳ እጥፍ በላይ ነው።

በዚህ ረጅም ጊዜ የሚታገደው ተመላሹ ብቻ አይደለም። ከኢትዮጵያ የትዳር ጓደኛውን ወይም እናቱን የሚያስመጣ ሰው የድጋፍ ማረጋገጫውን ሲያስገባ የቅርብ ጊዜውን ፌዴራል ታክሱን ወይም የመዝገቡን ግልባጭ ማያያዝ አለበት። በዚያ መዝገብ ላይ የተቀመጠው ሌባው የጻፈው ደመወዝ ከሆነ፣ የቤተሰቡ መገናኘት ባልሠራው ወንጀል ተጎትቶ ሊዘገይ ይችላል።

ታዲያ ዘጠኙን አኃዝ ማን ይጠብቅልን? ማንም፤ ጊዜው አልፏል። የሚጠብቀን ሌላ፣ ስድስት አኃዝ ብቻ ያለው ቁጥር ነው። አይፒ ፒን ይባላል። ከ2011 ጀምሮ ለተጎጂዎች ይሰጥ የነበረ ሲሆን በ2021 ማንነቱን ማረጋገጥ ለሚችል ሁሉ በመላ አገሪቱ ተከፈተ፤ ክፍያ የለውም። ፒኑ ያለው ሰው ሶሻል ቁጥሩ ያለ ፒኑ በኢንተርኔት ፋይል ከተደረገበት ፋይሉ ተቀባይነት አያገኝም፤ በወረቀት ቢላክም ተጨማሪ ምርመራ ይጠብቀዋል። ስድስት አኃዝ ከዘጠኝ አኃዝ የሚሻልበት ምክንያት ግልጽ ነው። ዘጠኙ ከስንት አንዴ በቀር ዕድሜ ልክ አይለወጥም፣ በየመሥሪያ ቤቱም ተመዝግቧል። ስድስቱ ግን በየዓመቱ ይቀየራል፤ የሚያውቁትም ባለቤቱና አይ አር ኤስ ብቻ ናቸው። ብዙ ሰው የያዘው ቁልፍ የቱንም ያህል ቢረዝም ቁልፍ አይደለም።

ፒኑ በአይ አር ኤስ ድረ ገጽ አካውንት በመክፈት ይገኛል፤ በኢንተርኔት ማረጋገጥ ያልቻለ ገቢው ከተወሰነ መጠን በታች ከሆነ ፎርም 15227 ሞልቶ ይልካል፣ ወይም ቀጠሮ ይዞ በአካል ይሄዳል። ለልጆችም ይሰጣል። ፒኑን ለታክስ ሠሪ መንገር የሚገባው ፋይል በሚደረግበት ጊዜ ብቻ ነው። በስልክ፣ በኢሜይል ወይም በቴክስት ፒኑን የሚጠይቅ ሁሉ፣ አማርኛ ቢናገርም፣ አይ አር ኤስ አይደለም።

በማኅበረሰባችን ውስጥ የሶሻል ካርድን ፎቶ በቫይበር ወይም በቴሌግራም ለታክስ ሠሪ መላክ የተለመደ ሆኗል። ይህ ይቅር። ታክስ ሠሪው በፋይሉ ላይ ስሙንና የራሱን የምዝገባ ቁጥር ካላሰፈረና ካልፈረመ እናንተም አትፈርሙበት፤ ተመላሹ የሚገባበትን የባንክ ሒሳብ ቁጥርም ከመፈረማችሁ በፊት በዓይናችሁ አንብቡ። ፋይላችሁ «በዚህ ቁጥር አስቀድሞ ፋይል ተደርጓል» ተብሎ ከተመለሰ ወረፋው ዛሬውኑ ይጀምር፦ የማንነት ስርቆት ማመልከቻ የሆነውን ፎርም 14039ን ከወረቀት ፋይላችሁ ጋር ላኩ። ማንነታችሁን እንድታረጋግጡ የሚጠይቅ ደብዳቤ ከመጣም ሳታዘገዩ መልሱ።

የ22 ወሩን መከራ መቅደም የሚቻለው ሌባው ከመድረሱ በፊት ብቻ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጃንዋሪ ደብሊው ቱ እስኪመጣ ስትጠብቁ የእናንተን ፒን አውጡ። በቤታችሁ ገቢ የሌላቸው እናትና አባት ካሉም ለእነሱ አውጡላቸው፤ በስማቸው ፋይል የሚያደርግ ማንም ስለሌለ፣ ቁጥራቸው ቢሰረቅ ለመንቃት የመጨረሻዎቹ እነሱ ናቸውና።