የሰው ኑሮ እንዴት ይጠናል?

አፈር ይጠናል። የከብት በሽታም ይጠናል። የሰው ኑሮስ እንዴት ይጠናል? በአይከል አካባቢ የተደረጉ ሁለት ጥናቶችን እንመልከት።

አይከል የጭልጋ ከተማ ናት። በአካባቢዋ የቅማንት ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ይኖራል። በ1957 ዓ.ም. ገደማ ፍሬድሪክ ጋምስት የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ወደዚህ አገር መጣ። ሥራው ማየት፣ መጠየቅና መጻፍ ነበር። ስለ እርሻው፣ ስለ ጋብቻው፣ ስለ ቀብሩ ጠየቀ። ወምበር ከሚባለው የሃይማኖት አባት ብዙ ነገር ሰማ። በትልልቅ ዛፎች ሥር ስለሚደረገው ጸሎትም ጻፈ። መጽሐፉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1969 ታተመ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የቋንቋ ምሁር ዘላለም ልየው የቅማንትን ቋንቋ፣ ቅማንትነይን፣ አጠና። ቋንቋው በሽማግሌዎች አፍ ብቻ እየቀረ፣ ልጆቹ አማርኛ ተናጋሪ መሆናቸውን አሳየ። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ቅማንት ነን ያሉት ከ170,000 በላይ ነበሩ። ቋንቋውን አፍ መፍቻችን ነው ያሉት ግን 2,000 እንኳ አልሞሉም። ቋንቋ የሚጠፋው ተናጋሪው ሁሉ ሲሞት ብቻ አይደለም። ወላጅ ለልጁ ማውራቱን ሲተው ያን ጊዜ መጥፋት ይጀምራል።

ይህ ለገበሬ ምን ያደርግለታል? ልጆች በየትኛው ቋንቋ ይማሩ? ማን ተቆጠረ፣ ማንስ ተረሳ? እንዲህ ያለው ነገር ሲወሰን የጥናትና የቆጠራ ወረቀት ይታያል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ቅማንት ለብቻው ተለይቶ አልተመዘገበም። ሰው በቦታው እያለ ከወረቀቱ ሊጎድል ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ አጥኚ ደጃችሁ ሲመጣ በእንግድነት ተቀበሉት። ግን ጠይቁት። ማን ነህ? ማን ላከህ? የምንነግርህን ምን ታደርግበታለህ? የማታውቁትን አናውቅም በሉ። እንግዳን ለማስደሰት ተብሎ የተነገረ ነገር ተጽፎ ይቀራል፤ በኋላም እንደ እውነት ይነበባል። የማይነገር ምሥጢር ካለ አንናገርም ማለት መብታችሁ ነው። የጻፈውንም አሳየን በሉት። ዛሬ ማንበብ ትችላላችሁ።

ደግሞም አጥኚ እስኪመጣ መጠበቅ የለባችሁም። በሰፈራችሁ ቅማንትነይ የሚያውቁ አባት ወይም እናት ካሉ ሄዳችሁ ጠይቁ። ውሃ ምን ይባላል? እሳትስ? በሬስ? የነገሯችሁን በፊደል ጻፉ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።