ጅቡቲ ከምሳ በኋላ ትተኛለች

መርካቶ ውስጥ ነጋዴ «ዕቃው ጅቡቲ ገብቷል» ካለ፣ ደንበኛው ገና ብዙ እንደሚጠብቅ ይገባዋል። ጅቡቲን የምናውቃት እንዲህ ነው፦ በኮንቴይነር፣ በዲመሬጅ፣ በጉምሩክ ወረቀት፣ በማዳበሪያና በነዳጅ። ከገቢና ወጪ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፍባት ከተማ ሆና ሳለ፣ «ለሽርሽር ሄጄ መጣሁ» የሚል ሰው ግን እምብዛም አይገጥምም። ባሕር ለማየት ብቻ እንደምሄድ ስናገር ጓደኞቼ ሳቁብኝ። «ሙቀት ልታይ ነው?» አሉኝ።

ሙቀቱስ እውነት ነው። በሰኔና በሐምሌ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ኻምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ አሸዋውን ይዞ ሲመጣ የአገሬው ሰው ራሱ በተቻለው ሁሉ ወደ ደጋ ይሸሻል። ስለዚህ ከኅዳር እስከ የካቲት ሂዱ። ያኔም ቢሆን ይህች ከተማ የምትጎበኘው በካርታ ሳይሆን በሰዓት ነው። የትኛው ሰዓት የት መሆን እንዳለበት ያላወቀ ሰው የተዘጋ በር ሲቆጥር ይውላል።

ጠዋቱ የአሮጌው መሀል ከተማ ነው። ነጭ የተቀቡ፣ ቅስት በረንዳ ያላቸው የፈረንሳይ ዘመን ሕንፃዎች የከበቡት አደባባይ በወረቀት ላይ «ሰኔ 27 ቀን 1977» ይባላል፤ በአውሮፓ አቆጣጠር አገሪቱ ነፃ የወጣችበት ቀን ነው። ሰዉ ግን ዛሬም «ምኒልክ» ይለዋል፤ ለታክሲም የምትናገሩት ይህንኑ ነው። ከዚያ ትንሽ እልፍ ሲሉ እ.ኤ.አ. በ1906 የተሠራው የሐሙዲ መስጊድ ወፍራም ሚናሬቱን አቁሞ ይታያል፤ በዙሪያው ገበያው ይንጫጫል። ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ሎሚው ከእኛ አገር የመጣ ነው። አንዲት ሻጭ ዓይኔን አይታ ብቻ፣ አንድም ቃል ሳልተነፍስ፣ በአማርኛ «ና ወንድሜ፣ የድሬ ነው!» አለችኝ። ከተማዋ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉ ከሶማሌ ክልል ከርሰ ምድር በቧንቧ የሚሄድ ነው፤ መብራቱም በአብዛኛው የእኛ ነው። እኛ በእነሱ ወደብ እንደምንኖር ሁሉ እነሱም በእኛ ሽንኩርት ይኖራሉ።

ወደ ቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ከተማዋ ትቁነጠነጣለች። የጫት ሻጮቹ ሴቶች በየጥጉ ባዶ የእንጨት ጠረጴዛቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ወንዶቹ ደግሞ ሥራ እንዳለው ሰው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ከዚያ ከሩቅ ጥሩምባ ይሰማል። የአወዳይን ጫት የጫኑ ፒክአፖች መጡ! እርጥብ ጆንያው ከመኪናው ላይ እየተወረወረ ይወርዳል፤ ሻጮቹ ይፈቱታል፤ እሽጎቹን በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍናሉ፤ በጣታቸው እያነሱ ያሳያሉ። ጠዋት ሐረርጌ ማሳ ላይ የነበረ ቅጠል ከሰዓት ጅቡቲ መጅሊስ ላይ ነው። የእኛ መሥሪያ ቤት በዚህ ፍጥነት አንድ ማኅተም ቢመታልን!

ከዚያ በኋላ ከተማዋ ዝም ትላለች። እኔ ይህን ባለማወቄ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የስልክ ሲም ልገዛ ወጣሁ። አንደኛው ሱቅ ዝግ፣ ሁለተኛው ዝግ፣ ሦስተኛው በር ላይ ካርቶን አንጥፎ የተኛ ዘበኛ። አንድ ዓይኑን ገልጦ አየኝና «አሥር ሰዓት ና» ብሎ መልሶ ጨፈነው። በእኛ አቆጣጠር መሆኑ ነው፤ በራሳቸው 16 ሰዓት ይሉታል። ምክሩን ሰምቼ ገብቼ ተኛሁ፤ እናንተም ተኙ።

ማታ ዓሣ ነው። የየመን ዓሣ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ ዓሣችሁን ከበረዶው ላይ ትመርጣላችሁ። ሰውየው ከጀርባው በኩል ይሰነጥቀውና እንደ መጽሐፍ ገልጦ ይዘረጋዋል፤ ቀይ የበርበሬ ድልህ ይለቀልቀዋል፤ ከዚያም በረጅም ብረት አድርጎ እንደ ጉድጓድ በጠለቀው የሸክላ ምድጃ ውስጥ ያወርደዋል። በዚያው ምድጃ ግድግዳ ላይ ሊጡን በጥፊ እየመታ ይለጥፋል። ዓሣው ዳር ዳሩ አሮ፣ ውስጡ ነጭ ሆኖ፣ ወረቀት ላይ ይቀርባል። ሹካ አትጠይቁ። ቂጣው ከትከሻ ስፋት የማይተናነስ ነው፤ ቁራሹ ከሙዝና ከማር ጋር ተፈትፍቶ መጨረሻ ላይ ይመጣል። በጨጨብሳ ያደገ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ዋጋው ይወደዳል፤ ይህን ሳልደብቅ ልናገር። የጅቡቲ ፍራንክ ከእ.ኤ.አ. 1949 ጀምሮ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው። የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የጣሊያንና የቻይና ጦር ባለበት ከተማ ደግሞ ሆቴሉ የሚተምነው ለእነሱ ኪስ ነው።

የድሮውን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ስለ ባቡሩ ይጠይቃል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የሚቆመው ከከተማ ወጣ ብሎ ናጋድ ላይ ነው። አሮጌውን ጣቢያ ግን ፈልጉት፤ ባቡር አይገባበትም። «ለገሃር» የሚለው የአዲስ አበባ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ነው፤ የዚያ ሐዲድ ሌላኛው ጫፍ እዚህ ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በዚህ ሐዲድ መጥተው፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢንተርፕራይዝ በተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከዚሁ ወደብ ለስደት ተነሡ።

አንድ ትርፍ ቀን ካላችሁ አሳል ሐይቅ ሂዱ፤ ሁለት ካላችሁም አሳል ሁለት ቀን ሂዱ እላለሁ። ንጋት ላይ መኪና ተከራይታችሁ ስትወጡ መንገዱ የእኛ ነው ማለት ይቻላል። ቦቴው፣ ተሳቢው፣ ረዳቱ ጎማ ሲደበድብ፣ ፒኬ 12 የሚሉት ሰፈር አካባቢ ተደርድረው የሚያርፉ ሾፌሮች። ከዋናው መስመር ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ጭነት መኪናው ሁሉ ወደ ድንበሩ፣ ወደ ጋላፊ ይቀጥላል፤ ከዚያ በኋላ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የፈነዳው አርዱኮባ የተፋው ዐለት ገና ትናንት የቀዘቀዘ ይመስላል። ከዚያ ቁልቁል፣ ቁልቁል፣ ጆሯችሁ እስኪደፈን። ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር፤ በአፍሪካ ከዚህ ዝቅ ያለ ምድር የለም።

ዳርቻው በረዶ የመሰለ ነጭ ነው፤ ስትረግጡት ግን እንደ መስታወት ስብርባሪ ይንኮሻኮሻል። ውሃው ከባሕር አሥር እጥፍ ገደማ ጨዋማ ስለሆነ ሰው አይሰጥምበትም፤ የተላጨ ፊት ይዞ መግባት ግን ድፍረት ነው። ሞገዱ እያንከባለለ ያለሰለሳቸው የጨው እንክብሎች አሉ፤ ትንሹ የሽምብራ፣ ትልቁ የሎሚ ያህላል። የአፋር ልጆች በላስቲክ ከረጢት ይሸጧቸዋል። የዚሁ ሐይቅ ጨው በግመል ተጭኖ እስከ ሸዋ ይወጣ ነበር። አንዱን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ረሳሁት፤ ሱሪዬ ላይ የቀረው ነጭ ክብ እስከ ዛሬ አልለቀቀም።

ጀልባ የሚወዱ ወደ ታጁራ ይሻገሩ፤ በነጭ መስጊዶች የተሞላች ጸጥተኛ ከተማ ናት። ሐረር በስሙ የሚጠራ ቤት ያለው ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ለምኒልክ የጫነውን ጠመንጃ ይዞ ቅፍለት እስኪነሣለት አንድ ዓመት ገደማ የተንገላታው እዚያ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ አርታ ዳርቻ አጠገብ ዌል ሻርክ ይመጣል፤ አውቶቡስ የሚያህል ፍጥረት ቢሆንም ሰው አይነካም፣ ምግቡ ጥቃቅን የባሕር ነፍሳት ናቸው። አጠገቡ መዋኘት ይቻላል። እኔ ጀልባው ላይ ቀረሁ።

የመጨረሻው ማታ ሲየስታ የተባለው ዳርቻ ሄድኩ። ባሕሩ ሸሽቷል፤ ልጆች ጭቃው ላይ ኳስ ይጫወታሉ፤ እናቶች ሻይ በፔርሙስ ይዘው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። አድማሱ ላይ ተራ የሚጠብቁ መርከቦች መብራታቸውን አብርተዋል። እስከ አሥራ አንድ ድረስ ቆጠርኩ። ሻይ የቀዳችልኝ ሴት ወደዚያው እያየች «የእናንተ ናቸው» አለችኝ፤ ስኳሩንም ሳትጠይቀኝ ጨመረች።