ከክርስትናው ቀን በፊት

ኦርቶዶክስና ፕሮቴስታንት ሆነው ከተጋቡ በኋላ ለምክር ወደ ቢሮዬ የሚመጡ ጥንዶችን በብዛት የሚያጋጫቸው የልጅ ክርስትና ነው። ጋብቻው በማዘጋጃ ቤት ይፈጸማል፤ በጾም ወቅትም ሁለት ድስት ይጣዳል። ልጅ ሲወለድ ግን አባት «ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሣል» ይላል፤ እናት «አድጎ፣ ራሱ አምኖ ይጠመቅ» ትላለች። አያቶች በመሐል ይገባሉ፤ ነገሩ ይከራል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አባትንም እናትንም የልጁ አሳዳሪና ሞግዚት ስለሚያደርግ አንዱ ብቻውን ሊወስን አይገባም፤ መነጋገር አለባቸው። ንግግሩን የሚዘጋው ብዙ ጊዜ «እኔ ልጄ ክርስቲያን እንዲሆን ነው የምፈልገው» የሚለው ቃል ነው። ይህን የሰማ የትዳር ጓደኛ «እኔስ ምንድን ነኝ?» ብሎ ይቆስላል።

ስለዚህ ስለ ቀኑ ከመነጋገራችን በፊት ሁለቱም ስለ ክርስቶስ የሚያምኑትን ለየብቻ እንዲጽፉ አደርጋለሁ። የእግዚአብሔር ልጅ መሆኑን፣ ስለ እኛ ሰው መሆኑን፣ መከራ መቀበሉን፣ መነሣቱን፣ ለፍርድም መምጣቱን ሁለቱም ይጽፋሉ። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቂያ የተሰበሰቡት አባቶች የመሰከሩት ይኸው እምነት ነው።

ልዩነቱን ግን አላድበሰብስም። ስለ ቅዱሳን ምልጃ፣ ስለ ቁርባንና ስለ ጥምቀት ያለው ክርክር እውነተኛ ነው። ፕሮቴስታንቶች ራሳቸው እንኳ በዚህ አንድ አይደሉም፤ መካነ ኢየሱስ ሕፃናትን ታጠምቃለች፣ ሙሉ ወንጌል የምታጠምቀው አምኖ የመሰከረውን ነው። «ሁሉም ያው ነው» ማለት ለእምነቱ ዋጋ የከፈለውን ሰው ማቃለል ነው።

በሥራዬ ያየሁት ይህ ነው፤ አንዱ የሌላውን ክርስትና ከልቡ የተቀበለበት ቤት ውሳኔው ቢዘገይም አይፈርስም። ይህን ያልተቀበሉት ግን በጥምቀቱ ቀን ቢስማሙ እንኳ በሚቀጥለው ጾም ይጣላሉ። ካህናትም ፓስተሮችም ምእመናናቸውን ሲመክሩ ይህን ቢያስቀድሙ ብዙ ትዳር ይተርፋል።

ጌታ ከመያዙ በፊት የተከታዮቹን አንድነት የለመነው ዓለም እንዲያምን ነው። በቤት ውስጥ ያ ዓለም ሕፃኑ ነው። የትኛውም ቤተ ክርስቲያን ይጠመቅ፣ እናቱም አባቱም የክርስቶስ መሆናቸውን ከሁለቱም አፍ ሰምቶ ማደግ መብቱ ነው።